ተመሳሳይ ቅርጽ፣ የተለየ ብረት፦ ለማሽን ጥገና የሚሆን ብረት እንዴት ይመረጣል?

እአአ በ1989 ከኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ወደ ጀርመኗ ሃምቡርግ ይበር የነበረ አውሮፕላን በዴንማርክ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ተሳፍረው ከነበሩት 55 ሰዎች የተረፈ አልነበረም።

የኖርዌይ መርማሪዎች ከባሕር የወጣውን ስብርባሪ ሲፈትሹ የጅራቱን ቀጥ ያለ ክንፍ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖችና ፒኖች መካከል ሐሰተኛ መለዋወጫዎች አገኙ። መለዋወጫዎቹ በቦታቸው ገጥመው ሲሠሩ ቢቆዩም፣ የተሠሩበት ብረት የሚፈለገው ጥንካሬ አልነበረውም።

አውሮፕላን የሚጠግኑ ጥቂቶች ናቸው። የወፍጮ ሻፍት፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የትራክተር ብሎን የሚያስቀይሩ ግን ብዙ ናቸው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ በልኩ የገባው ዕቃ ጭነቱን ይችለዋል ወይ?

በመጀመሪያ ለምን ተሰበረ?

አዲስ ብረት ከመግዛት በፊት የተሰበረውን ዕቃ መመርመር ይገባል። የስብራቱ ገጽ አንዱ ወገን ለስልሶ እንደ ማዕበል የተደራረቡ መስመሮች ከታዩበት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ሻካራ ከሆነ፣ ብረቱ በአንድ ቀን አልተሰበረም። ትንሽ ስንጥቅ በተደጋጋሚ ጫና ቀስ በቀስ ሰፍታ፣ በመጨረሻ የቀረው ክፍል ጭነቱን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሹል ማዕዘን ባለበት ወይም የብየዳ ጠባሳ ባረፈበት ስፍራ ነው። መንስኤው የተጣመመ አገጣጠም ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ውድ ብረት ቢገዛ ተመልሶ መሰበሩ አይቀርም።

አንድ ስም፣ ብዙ ዓይነት

በአማርኛ ከአጥር ዘንግ እስከ ሞተር ሻፍት ሁሉም «ብረት» ይባላል። በገበያ ያለው አብዛኛው ግን አረብ ብረት ነው፤ ይኸውም ጥቂት ካርቦን የተዋሃደው ብረት። ከ0.3 በመቶ በታች ካርቦን ያለው ለመታጠፍና ለመበየድ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይበላል። ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ የያዘው ለሻፍትና ለጥርስ ይመረጣል። ከዚህ ከፍ ያለው ለመቁረጫ መሣሪያና ለስፕሪንግ ይሆናል። ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን ያለው ካስት አይረን ደግሞ ከባድ ክብደት ይሸከማል፤ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል።

ብየዳ ላይ ችግር የሚፈጠረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ብዙ ካርቦን ያለውን ብረት ሳያሞቁ መበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለውን ክፍል ተሰባሪ ያደርገዋል።

የሕንፃ ፌሮን ለሻፍት መጠቀምም አይመከርም። ፌሮ የሚመረተው በኮንክሪት ውስጥ የሚመጣበትን ጫና እንዲችል እንጂ ቶርኖ ላይ ተቀርጾ ሌት ተቀን እንዲሽከረከር አይደለም።

የብሎን ራስ ላይ ያለው ቁጥር

በብሎን ራስ ላይ የሚታተሙት 8.8፣ 10.9 እና 12.9 የጥንካሬ ደረጃ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብሎኑ እስኪበጠስ የሚችለውን ጫና በሜጋፓስካል ይነግራል። ሁለተኛው፣ ብሎኑ ከዚህ ጫና ስንት አሥረኛው ላይ ሲደርስ እስከ ወዲያኛው መለጠጥ እንደሚጀምር ያመለክታል። በዚህ ስሌት 8.8 ብሎን እስከ 640 ሜጋፓስካል ሳይለጠጥ ይቆያል፤ 4.6 የተባለው ግን ከ240 አያልፍም። ሁለቱ በአንድ ዳዶ ልክ ሊገጥሙ ይችላሉ።

ይህ ሲባል ጠንካራው ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። በአንዳንድ የእርሻ መሣሪያዎች ላይ ድንጋይ ሲያጋጥም ቀድሞ እንዲበጠስ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብሎን አለ። «ዳግም እንዳይቸግር» ተብሎ በጠንካራ ከተተካ፣ የሚሰበረው በብዙ እጥፍ የሚወደደው የማርሽ ሳጥን ይሆናል።

ያለ ቤተ ሙከራ የሚደረግ ፍተሻ

በሞረድ በቀላሉ የሚፋቅ ብረት ለስላሳ ነው፤ ሞረዱ የሚንሸራተትበት ግን በሙቀት የጠነከረ ነው። በግራይንደር ሲነካ ረጅምና ቅርንጫፍ ያልበዛበት ፍንጣሪ የሚያወጣው ካርቦኑ ዝቅተኛ ነው፤ እንደ ኮከብ የሚበታተን ፍንጣሪ ብዙ ካርቦን መኖሩን ይጠቁማል። በዚህ ጊዜ የዓይን መከላከያ ማድረግ የግድ ነው። ማግኔት ዓይነትን ለመለየት ቢረዳም ስለ ጥራት የሚናገረው የለም።

ያገለገለ ብረት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ የሚለወጥበት ስፍራ በመሆኑ ይታወቃል። የአሮጌ መኪና አክስል ወይም ባሌስትራ ጥሩ አረብ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በነጭ ጋዝ ነክሮ፣ በደንብ ጠርጎና አድርቆ፣ ጠመኔ መቀባት የቆየ ዘዴ ነው። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል።

ወረቀቱስ ይታመናል?

ለከባድ ሥራ የሚገዛ ብረት ከፋብሪካው የፍተሻ ምስክር ወረቀት ጋር መምጣት አለበት። ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ብረቱ ላይ ከታተመው ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። ካልተመሳሰለ ወረቀቱ የሌላ ብረት ነው።

ወረቀትም ይዋሻል። እአአ በ2022 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት የብረት ባለሙያ፣ ለባሕር ኃይሉ ሰርጓጅ መርከቦች የሚቀርብ የአረብ ብረትን የጥንካሬ ፍተሻ ውጤት ለዓመታት በማጭበርበሯ የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስር ተፈርዶባታል።

ስለዚህ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ዕቃ ሲሆን ዳግም ማስፈተሽ ተገቢ ነው። በእጅ የሚያዙት የኤክስሬይ መመርመሪያዎች ክሮሚየምና ኒኬልን ቢለዩም ካርቦንን አይለኩም፤ ለዚያ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ቶርኖ ቤት የሚሄድ ሰው እንግዲህ ልኩን ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። የተሰበረውን ዕቃ ከነስብራቱ ማሳየት፣ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም መንገር፣ የሚገባው ብረት ስምና ደረጃ ምን እንደሆነ ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይኖርበታል። ሻጩ ስሙን መናገር የማይችለውን ብረት፣ ሲሰበር ሰው በማይጎዳበት ቦታ ላይ ብቻ መጠቀም ይበጃል።