በአፈር ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ሁሉ የተክል ምግብ ነውን?



የገበሬ ልጅ እንደ መሆኔ፣ ክረምት በተቃረበ ቁጥር በቤታችን የሚነሣውን ጥያቄ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ይኸውም «ዘንድሮ ስንት ማዳበሪያ እንግዛ?» የሚል ነው። ማዳበሪያው ካነሰ ምርቱ ይጎድላል፤ ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ለደብተርና ለልብስ መግዣ የሚሆነው ገንዘብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን በግምት ሳይሆን በልኬት ለመመለስ የሚያስችለውን መንገድ፣ ከማዳበሪያ ምግቦች አንዱ በሆነው በፎስፎረስ ምሳሌነት ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ፎስፎረስ ተክል ሥር እንዲሰድና ፍሬ እንዲያፈራ የሚረዳ ምግብ ነው። በጎደለ ጊዜ ተክሉ ይቀጭጫል፤ የበቆሎም ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። የሚያስገርመው ግን፣ በ1 ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ ብዙ መቶ ሚሊ ግራም ፎስፎረስ እያለ ተክሉ ሊራብ መቻሉ ነው። ምክንያቱም ሥር የሚወስደው በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ብቻ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። የቀረውን በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም፣ ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ደግሞ ካልሲየም አጥብቀው ይይዙታል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ በሩ የተቆለፈበት ሰው እንደሚራብ ሁሉ ተክሉም እንዲሁ ይራባል።

እንግዲህ ሊቃውንቱ የፈለጉት በጎተራው ያለውን ሁሉ ለመቁጠር ሳይሆን፣ ሥር ሊያገኘው የሚችለውን ያህል ከአፈሩ የሚያወጣ ፈሳሽ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 ብሬይና ኩርትስ የተባሉ አሜሪካውያን ከአሞኒየም ፍሎራይድና ከቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተሠራ ፈሳሽ አቀረቡ፤ ይህ ለአሲዳማ አፈር ይስማማል። በ1954 ደግሞ ኦልሰንና ጓደኞቹ፣ ለዳቦ ከሚገባው ሶዳ ጋር አንድ የሆነውን ሶዲየም ባይካርቦኔት መረጡ። የእነርሱ ዘዴ በተለይ ኖራ ለበዛበት አፈር የታሰበ ነው።

የኦልሰን ዘዴ አሠራር እንዲህ ነው። ከአንድ ማሳ፣ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰዳል። ፍግ ከተከመረበትና ከማሳው ዳር መውሰድ አይገባም። አፈሩ ተቀላቅሎ በጥላ ይደርቅና 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል። ከዚያ 5 ግራም ተመዝኖ በ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይናጥና ይጠለላል። በተጠለለው ላይ ሞሊብዴትና አስኮርቢክ አሲድ ሲጨመሩበት ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊነቱ በደመቀ መጠን ፎስፎረሱ ብዙ ነው። ድምቀቱም በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ተለክቶ፣ የፎስፎረሱ መጠን አስቀድሞ ከታወቀ ፈሳሽ ጋር ይነጻጸራል።

ነገር ግን የተገኘው ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በኦልሰን የተገኘ 10 እና በብሬይ የተገኘ 10 ትርጉማቸው አንድ አይደለም፤ ፈሳሾቹ የሚያወጡት መጠን ይለያያልና። ቁጥሩ «አነስተኛ» ወይም «በቂ» የሚባለው፣ በተመሳሳይ አፈር ላይ ማዳበሪያ ያገኘና ያላገኘ መደብ ጎን ለጎን ተዘርቶ ምርቱ ከተመዘነ በኋላ ነው። በጣም አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ደግሞ ኖራ ሳይጨመር ማዳበሪያ ብቻ ቢበዛ፣ ብዙው እንደ ቀድሞው በብረትና በአሉሚኒየም ይያዛል።

ስለዚህ ወላጆቻችን የአፈር ምርመራ ውጤት በደረሳቸው ጊዜ፣ ማንበብ የምንችል ልጆቻቸው ሦስት ነገር እንጠይቅላቸው፦ አፈሩ ከየት ከየት ተወሰደ? በየትኛው ዘዴ ተለካ? ቁጥሩስ እንደኛ ባለ መሬት ላይ በተደረገ የእርሻ ሙከራ ተመዝኗልን? የተማርነው ኬሚስትሪ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ ለማሳ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።