ተጨማሪ መረጃ፦ «ጃንሆይ ሲወርዱ ድክድክ እል ነበር»

አያቶቻችሁን መቼ እንደተወለዱ ብትጠይቁ፣ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሆን ታሪክ ይነግሯችኋል። «ጃንሆይ ሲወርዱ ድክድክ እል ነበር» ይላሉ። ይህ ራሱን የቻለ የዘመን አቆጣጠር ነው። ጃንሆይ፣ ማለትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እንዲህ የሚሉት አያቶች የተወለዱት 1965 ዓ.ም. ግድም ነው ማለት ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ በኅዳር በሽታ ወረርሽኝ (1911 ዓ.ም.) ወይም ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ጊዜ (ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.) ይቆጥሩ ነበር።

አያቶቻችሁን ለመጠየቅ ቡና እየተቆላ ያለበትን ሰዓት ምረጡ፤ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ከማለት «መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት መቼ ነው?» ብትሉ ይሻላል፤ ትንሿ ጥያቄ ብዙ ታስወራለች። የቀዳችሁትን ለሌላ ከማሰማታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ፤ ለቤት ብቻ የተነገረ ሐዘን ይኖራል።

የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራው የአባቶችን ስም ነው። ሴት አያቶችና ቅድመ አያቶች ከዝርዝሩ የቀሩት ታሪክ ስለሌላቸው አይደለም፤ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው። ዛሬ ማታ የአያታችሁን እናት ስም ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።