ካርቶን ውስጥ የተኙት ካሴቶች

ከቁም ሳጥንዎ በላይ ወይም ወላጆችዎ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ካሴት የሞላበት ካርቶን አለ? ካለ፣ በዚህ ወር ጊዜ ወስደው ያውርዱት። የካሴት ክር ማለት መግነጢሳዊ ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት ቀስ በቀስ ይጎዱታል። የሚያጫውተው ቴፕም፣ የሚጠግነው ባለሙያም በየጊዜው እያነሱ ነው።

«አሁን ሁሉም ዘፈን ስልክ ላይ አለ» ይሉ ይሆናል። ሙዚቃ ወዳዶች ቡና ላይ ሲገናኙ የማይቀር ክርክር ነው። አንዱ «የካሴት ድምፅ ሞቅ ይላል» ሲል ሌላው «የምትወደው ትዝታውን ነው እንጂ ካሴት ሹሹታ ብቻ ነው» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ካሴት ሹሹታ አለው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ የድሮ ዘፈኖችም ካረጀ ካሴት የተቀዱ ናቸው። ጭራሽ ያልተጫኑም አሉ።

አንድ ካሴት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአንጋፋው ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይረዱ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። ከዚያም ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ኃይሉንም አፈላልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራውን እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ከየትኛው ልጀምር?

ካሴቶቹን በሦስት ይክፈሏቸው። አንደኛው፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ናቸው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በደብዳቤ ፋንታ ቀድቶ የላከው ድምፅ፣ የሠርግ ጭፈራ፣ የአያት ምርቃት። ሁለተኛው፣ ፈልገው ያጧቸው ዘፈኖች ናቸው። ሦስተኛው፣ በጥራት ዳግም የታተሙት ናቸው። ለምሳሌ የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 7ኛ ቅጽ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ አያስቸኩልም። የአያትዎ ድምፅ ግን ከዚያች ካሴት ሌላ የትም የለም። ከእሷ ይጀምሩ።

አቀዳዱ እንዲህ ነው

• ቴፑን ያጽዱ። ጥጥ በአልኮል ነክረው ክሩ የሚነካውን የቴፑን ሄድና ጎማውን በቀስታ ይጥረጉ፤ እስኪደርቅም ይጠብቁ። መጀመሪያ ብዙ በማያሳዝንዎት ካሴት ይሞክሩት፤ ክር የሚበላ ቴፕ ከሆነ ቀድመው ያውቁታል።

• የላላውን ክር በእስክሪብቶ ያጥብቁ። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ከሆነ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት።

• በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ። በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ያደርጋል።

• ከቴፑ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ገመድ ይዘርጉ። ላፕቶፕዎ መግቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ የድምፅ መቀበያ ያስፈልግዎታል። «ኦዳሲቲ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅዳት ይበቃል።

• ድምፁ ሲጮህ መለኪያው ቀይ እንዳይነካ ዝቅ አድርገው ይቅዱ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ዋናውን በ«ዌቭ» ያስቀምጡ፤ ለስልክ የሚሆነውን በ«ኤምፒስሪ» ያውጡ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑርዎት።

ሽፋኑንም ፎቶ ያንሱት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እወዳለሁ፤ የካሴት ሽፋን ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ይነግራል። ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። የተቀዳውን ዘፈን ግን በቴሌግራም አይበትኑት፤ የባለሙያዎቹ እንጀራ ነው።

አብሮ ማድመጥ

ውድ ስፒከር ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ቦታ ያስተካክሉለት። ሁለቱን ስፒከሮች ከግድግዳው ትንሽ አርቀው፣ ሲቀመጡ በጆሮዎ ቁመት ልክ ያድርጓቸው። በእነሱ መካከል ያለው ርቀትና ከእርስዎ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን። ዘፋኙ መሃል ላይ የቆመ ያህል ይሰማዎታል።

ልጆች በኤርፎን ሲያዳምጡ ደግሞ መጠኑን ይቆጣጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይመክራል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ ስልኮች የድምፅ ገደብ ማበጃ ስላላቸው ይጠቀሙበት። ኮንሰርት ሲሄዱም ከስፒከሩ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ለልጆች የጆሮ መከላከያ ይያዙ።

የመጀመሪያዋን ካሴት ስታጫውቱ ቤተሰቡን ይሰብስቡ፤ በተለይ ትልልቆቹን። በካሴቷ ላይ የሚስቀው ማን እንደሆነ፣ ከበሮ የምትመታው የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስሞቹን ወዲያው ይጻፉ። ክሩን መቅዳት ይቻላል፤ ያንን የሚነግሩን ሰዎች ግን ሁልጊዜ አብረውን አይኖሩም።