ሲመለከቱት የሚሰወር ስህተት

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኘውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጎብኚዎቹን በኮምፒዩተር ለመቁጠር ፈለገ እንበል። ሰው በሁለት በሮች ይገባል፤ አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ፕሮግራሙ በጋራ ቆጣሪው ላይ 1 ይደምራል። መደመሩ ለእኛ አንድ ድርጊት ቢመስልም ለኮምፒዩተሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ ቁጥሩን ማንበብ፣ 1 መጨመር፣ መልሶ መጻፍ። ቆጣሪው 41 ላይ ሳለ ሁለቱ በሮች እኩል ካነበቡት፣ ሁለቱም 42 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ሰው ገብቶ አንድ ሰው ተቆጠረ ማለት ነው።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩና አንድ ሜሞሪ የሚጋሩ እንዲህ ያሉ የሥራ ክሮች ትሬድ ይባላሉ። የሁለቱ በሮች ስድስት እርምጃዎች በ20 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጡት ግን 2 ብቻ ናቸው። ይህም ሆኖ ፕሮግራሙ ለወራት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ሦስቱ እርምጃዎች እጅግ ባነሰ የሴኮንድ ክፋይ ስለሚያልቁ ሁለቱ በሮች በዚያች ቅጽበት የሚገጣጠሙት ከስንት አንዴ ነው። ውጤቱ «ማን ቀደመ» በሚለው የሚወሰን በመሆኑ ስህተቱ የእሽቅድምድም ስህተት ይባላል።

ጨለማ ያስከተለ እሽቅድምድም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። በኦሃዮ ግዛት የኤሌክትሪክ መስመሮች ረግበው ዛፍ ሲነኩ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም አስቀድሞ ሥራውን አቁሞ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹም አደጋው እየሰፋ መሆኑን በጊዜ አላወቁም። ከስምንት ሳምንታት ገደማ በኋላ የተገኘው ምክንያት የእሽቅድምድም ስህተት ነበር። ባለሙያዎቹ ሊያዩት የቻሉት ፕሮግራሙን ሆን ብለው በማዘግየት ነው።

ማዘግየት ስህተቱን እንደሚያወጣው ሁሉ ሊደብቀውም ይችላል። ፕሮግራሙን ለመመርመር ስናቆመው የትሬዶቹን ጊዜ እንለውጣለን፤ ስህተቱም ይሰወራል። ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስህተት «ሃይዘንበግ» ብሎታል። የፊዚክስ ተማሪዎች ግን ልብ ሊሉ ይገባል። የሃይዘንበርግ መርህ የቅንጣቶችን የራሳቸውን ባሕርይ ይመለከታል፤ እዚህ ያጋጠመን ቀዝቃዛ ቴርሞሜትር የአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃን ሙቀት እንደሚቀንሰው ያለ፣ መለኪያው የሚለካውን ነገር የመረበሽ ችግር ነው።

የከርነሉ በር

የአንዱን ፕሮግራም ሜሞሪ ሌላው እንዳይነካው የሚጠብቀው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። ስለዚህ ስህተት አሳሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ዲበገር፣ ከርነሉ በሚከፍትለት በር ብቻ ይገባል። በዩኒክስ ይህ በር ፒትሬስ ይባላል፤ በ1970ዎቹ፣ አንድ ፕሮግራም አንድ የሥራ ፍሰት ብቻ በነበረው ዘመን የተነደፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ኪሊያን በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን እንደ ፋይል ለማንበብ የሚያስችል ሌላ በር አቀረበ። ሊኑክስ ዛሬ በሁለቱም ዓይነት በሮች ይጠቀማል።

ትሬዶች ሲበዙ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ማን ይቁም?» የሚለው ነው። በሊኑክስ አንድ ትሬድ ማቆሚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ የሚቆመው እርሱ ብቻ ነው። ዲበገሩ ሌሎቹን አንድ በአንድ እስኪያቆም ድረስ እነርሱ ወደፊት ይሄዳሉ።

ሁለተኛው «ሁሉም ተቆጥረዋል?» የሚለው ነው። ዲበገሩ የትሬዶቹን ዝርዝር ሲያነብ አዲስ ትሬድ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ አዲስ ስም እስኪጠፋ ድረስ ዝርዝሩን ደጋግሞ ያነባል፤ መርማሪው ራሱ እሽቅድምድም ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛው ማቆሚያ ነጥቡን ይመለከታል። ዲበገሩ አንድን ትእዛዝ አንሥቶ በቦታው «ቁም» የሚል ትእዛዝ ይተክላል። የቆመውን ትሬድ ለማሳለፍ የቀድሞውን ትእዛዝ ለጊዜው ሲመልስ፣ ሌላ ትሬድ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል። አንዱ መፍትሔ የተነሣውን ትእዛዝ ቅጂ በሌላ የሜሞሪ ቦታ ማስፈጸም ነው።

ከማቆም ወደ መመዝገብ

የቀድሞው የሊኑክስ ፒትሬስ ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው የማቆሚያ ምልክት በመላክ ነበር። ምልክቱ ከሌላ ወገን ከሚመጣ ተመሳሳይ ምልክት ጋር ይምታታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሊኑክስ 3.4 መግባትን ከማቆም ለየ፤ ዲበገሩ ፕሮግራሙን ሳያቆም ይገባል፣ ማቆም ሲሻ ለብቻው ይጠይቃል።

ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «አርአር» የተባለው መሣሪያ ደግሞ ትሬዶቹን በየተራ በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ እያስኬደ፣ ከከርነሉ የሚያገኙትን ምላሽ ሁሉ ይመዘግባል። ስህተቱ አንዴ ከተመዘገበ ያው ሂደት የፈለግነውን ያህል ይደገማል፤ ቆመን ብንመለከተውም አይሰወርም። ዋጋው ግን አለ፤ ፕሮግራሙ ይዘገያል፣ እውነተኛ ጎን ለጎን ሥራ በሚጠይቁ ሁኔታዎች ብቻ የሚከሰቱ ስህተቶችም ላይያዙ ይችላሉ። ምንም የማይረብሽ በር እስካሁን አልተሠራም፤ የነዳፊው ጥበብ ረብሻው የት እንደሚያርፍ መምረጡ ላይ ነው።

አንባቢ በወረቀትና በእርሳስ አንድ ነገር ይሞክር። ለማዕከሉ ሦስተኛ በር ብንጨምርለት፣ የዘጠኙ እርምጃዎች ቅደም ተከተሎች ወደ 1680 ያድጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱንም ጎብኚዎች በትክክል የሚቆጥሩት 6 ብቻ ናቸው። ለምን 6 እንደሆኑ የደረሰበት ተማሪ ትሬዶችን በቁልፍ ተራ ማስያዝ ለምን እንደሚያስፈልግም ይረዳል።