እጅ ሲደነዝዝ

በሰሜን ወሎ፣ ግራና ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲኮተኩት የዋለ ገበሬ ሌሊት እጁ ደንዝዞ ቢነቃ «ድካም ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ወልዲያ ቢሮ የምትውል ልጅ ጣቷን መርፌ መርፌ ሲላት «ብርድ ነው» ትላለች። መርሳ ያሉ እናት ደግሞ «ነርቭ ነው» ብለው በቅባት ያሳሹታል። ድካሙም ብርዱም ነርቩም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የሚያሳስበኝ ስም ከወጣለት በኋላ ማንም የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ጤና ጣቢያ የሚሄደው ጣቱ ታጥፎ አልዘረጋ ሲል ወይም በምድጃ ተቃጥሎ ሳይታወቀው ሲቀር ነው።

የእጅ መደንዘዝ የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። አንዳንዱ እጅን ቀጥ አድርጎ በመተኛት ብቻ ይሻላል፤ አንዳንዱ ቶሎ ካልታከመ እጅ ያሳጣል። ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም። የትኛው ጣት ነው? መቼ ይብሳል? አብሮት ምን መጣ? ይህን በደንብ ያስተዋለ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ግማሽ ሥራውን ሠርቶለታል።

የእጅን ስሜት ሦስት ነርቮች ተካፍለውታል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ የአንዱ ድርሻ ናቸው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ቀሪው ግማሽ የሌላው ናቸው። ሦስተኛው የእጅን ጀርባ በአውራ ጣት በኩል ይይዛል።

በዓለም ላይ እጅን ከሚያደነዝዙ ምክንያቶች አንዱና ዋናው የመጀመሪያው ነርቭ አንጓ ላይ መጨቆኑ ነው። አንጓችን ውስጥ ከሥር አጥንት፣ ከላይ ጠንካራ ጅማት የከደነው ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና ይህ ነርቭ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ወደ መዳፍ ያልፋሉ። ጅማቶቹ በሥራ ብዛት ሲያብጡ፣ ወይም በእርግዝና ሰውነት ውሃ ሲቋጥር፣ ግድግዳው አይለጠጥምና ጫናው ነርቩ ላይ ያርፋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውና የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ የቀነሰባቸውም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ዶማና ማጭድ ጨብጦ መዋል፣ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ አንጓን ደጋግሞ ማጠፍ ያባብሰዋል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ ሰውየው ይነቃና እጁን ያራግፋል፤ ሲያራግፍ ቀለል ይለዋል። ሐኪሞች ይህን ማራገፍ ራሱን እንደ ማስረጃ ይወስዱታል። ትንሿ ጣት ብዙ ጊዜ ነጻ ናት። ቤት ውስጥ መሞከርም ይቻላል፦ የሁለቱን እጆች ጀርባ አገጣጥሞ፣ ጣቶቹን ወደ መሬት አድርጎ፣ አንጓን እንዳጠፉ አንድ ደቂቃ መቆየት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ መደንዘዙ በነዚያ ጣቶች ላይ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሕመሙ ገና ሲጀምር ሕክምናው ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ነው። ከወለዱ በኋላ በራሱ የሚተዋቸው እናቶች ብዙ ናቸው። በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ ግን መጠበቅ ጉዳት ነው፤ የሚጫነውን ጅማት የሚከፍት አጭር ቀዶ ሕክምና አለው።

ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ታሪኩ ሌላ ነው። የእርሷ ነርቭ ከክርን ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ ከቆዳ ሥር ያልፋል። ክርን ሲመታ እስከ ጣት የሚነዝረን እርሱ ነው። ክርን ተደግፎ መዋልና እጅን አጥፎ ተንተርሶ መተኛት ይጎዱታል። በእኛ አገር ግን ይህን ነርቭ የሚያጠቃ ሌላ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ የሥጋ ደዌ ነው።

ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያገኘው የዚህ በሽታ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ ለቆዳ የቀረቡ ነርቮችን የሚያጠቃውም ለዚህ ነው። ነርቩ ከክርን በላይ አብጦ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ይወጣል፤ አያሳክክም፤ በጥጥ ጫፍ ሲነካም አይሰማም። ኋላ ላይ ትንሿና የቀለበት ጣት ይታጠፋሉ። የታመመች ሴት ድስት ስታወርድ ትቃጠላለች፤ የተቃጠለችውን ግን የምታየው በዓይኗ ነው። ጣት የሚቆረጠው በሽታው በልቶት ሳይሆን ሕመም ያልተሰማው እጅ ደጋግሞ ስለሚቆስልና ቁስሉ ስለሚያመረቅዝ ነው።

ብዙዎች ይህ በሽታ ከአገር የጠፋ ይመስላቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ወሎ ከዚህ ሕመም ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ያድናልም። የነርቭ ጉዳቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ስሜቱ የመመለስ ዕድል አለው። ሰውን ቤቱ የሚያስቀረው ስድቡና መገለሉ ነው፤ ይህ ደግሞ የሁላችንም ዕዳ ነው።

ሁለቱም እጆች እኩል ሲደነዝዙ ደግሞ ዓይን ወደ መላ ሰውነት መዞር አለበት። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ስኳር ነው። ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ያስቀድማልና ከእግር ጣት ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣት ጫፍ ይጀምራል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ጾሙ ይሆን ብለው የሚጨነቁ አሉ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል፤ በፍስክ የሚበላ ጤነኛ ሰው በጾም ብቻ አይጎዳም። በዕድሜ የገፉ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ለዓመታት የወሰዱ፣ ጨጓራቸው የታመመና ፍስኩም ከጾም የማይሻል የሆነባቸው ድሆች ግን መመርመር አለባቸው።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እጅና እግሩ ቢያቃጥለውና ቢደነዝዘው ከኪኒኖቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ ቫይታሚን ቢ6ን ስለሚያሟጥጥ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ ለጤና ባለሙያው ሲናገር ቢ6 ይጨመርለታል። በግራና መስኖ መርጫ አዝለው ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ኬሚካል የሚረጩ ወጣቶችም ይህን ይስሙ፦ አንዳንዶቹ የተባይ ኬሚካሎች ከከባድ መመረዝ አንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ እግርና እጅን ያደነዝዛሉ፣ ያዝላሉም። ጓንት ሳያጠልቁ መበጥበጥ፣ ፊትን ወደ ነፋስ አዙሮ መርጨት፣ የኬሚካል ዕቃን ለመጠጥ ውሃ ማዋል መቅረት አለበት። ጓያ በመብላታቸው ነው ብለው ለሚጠረጥሩ ደግሞ፣ ጓያ በዋናነት የሚያሽመደምደው እግርን ነው።

የሰሜን ወሎ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በ1970 ዓ.ም. ከግራና ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ገብሱን ሲናር የተባለው አረም ዋጠው። የሲናሩ ዛላ ላይ ደግሞ በፍሬው ምትክ የአይጥ ኩስ የሚመስል ጥቁር ሻጋታ በቀለ። ሰዎች ያንን እህል ፈጭተው በሉ። ጉንዳን የወረራቸው ያህል እጅ እግራቸው ውርር አለ፤ አቃጠላቸው፤ ደነዘዘ። ሻጋታው የያዘው መርዝ የደም ሥሮችን አጥብቦ ደም እጅና እግር እንዳይደርስ ስለሚያደርግ ቀጥሎ አካሉ ጠቁሮ ደረቀ። በጊዜው የተመዘገቡት ሕሙማን 140 ነበሩ፤ ከመቶ 34ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ከ5 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆችና ጎልማሶች ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓን ያስጨነቀው፣ ፈረንጆች «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ያሉት ሕመም ይኸው ነው። ከዚያው ሻጋታ የሚገኘው ኤርጎሜትሪን ዛሬ ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም ያገለግላል።

ሕመሙ በ1993 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ተመልሶ ታይቷል። ስለዚህ ከገብሱና ከሲናሩ መካከል ረዘም ያለ ጥቁር ፍሬ ያየ ሰው ይልቀመው፤ ብዛት ካለው እህሉን ለግብርና ባለሙያ ያሳይ። አንድ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ሰሞን እጅ እግሩ ከደነዘዘ በቅባት ማሸቱን ትቶ የሚበላውን እህል ይመርምር።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የአንገት አጥንት ነርቭን ሲጫን ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ በትከሻ በኩል ወደ ጣት ይወርዳል። በድንጋጤና በጭንቀት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰውም ሁለቱም እጆቹና የከንፈሩ ዙሪያ ይነዝሩታል፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ይህን እንደ ቅብጠት ማየት ነውር ነው።

በአንድ በኩል እጅ ድንገት ደንዝዞ ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን የአንጎል የደም ሥር አደጋ ነውና ሳይነጋ፣ ሳይታሽ፣ በተገኘው መኪና ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከቀሩት አብዛኞቹ ጥቂት ቀን ይሰጣሉ። መደንዘዙ ሳምንታት ከቆየ፣ ዕቃ ከእጅዎ ከወደቀ ወይም ቆዳዎ ላይ ስሜት የሌለው ምልክት ካዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የትኛው ጣትዎ እንደደነዘዘ፣ መቼ እንደሚብስ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱና ምን እንደረጩ ሳይደብቁ ይንገሩ።