የንግድ ቤት ስልኮችን ከአንድ ሥፍራ ስለ መጠበቅ

አንድ ነጋዴ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ቅርንጫፍ ከከፈተ በኋላ ዋናውን መሥሪያ ቤት ከቅርንጫፎቹ ጋራ በየሰዓቱ የሚያገናኘው ስልክ ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ የያዘው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበር፤ መስመር ሲቋረጥ የሚያውቀው፣ ድምፅ ሲደክም የሚሰማው፣ ጥሪው ለማን እንደ ተላለፈ የሚመሰክረውም እርሱ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ንግድ ቤቶች ስልኩ የሚሠራው ከኮምፒዩተሩ ጋራ በአንድ መረብ ስለ ሆነ፣ ማዞሪያው ሰው የማይቀመጥበት ሣጥን ሆኗል። ሣጥኑም ታመምሁ ብሎ ለጌታው አይናገርም። ድምፁ የተቆራረጠበት ደንበኛ ደግሞ ወደ ሌላ ነጋዴ ይደውላል እንጂ ስልካችሁ ተበላሽቷል ሊል አይመጣም።

ስለዚህም ነው መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሥፍራ የሚጠብቅ ሶፍትዌር የሚገዛው። ሶፍትዌሩ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ጥሪ የሚያስተናግደውን ሰርቨር፣ ከቴሌ መስመር ጋራ የሚያገናኘውን ጌትዌይ፣ ስዊቾቹንና ስልኮቹን በየጥቂት ደቂቃው ስለ ደኅንነታቸው ይጠይቃል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ አስቀድመው መልስ እንዲሰጡ ካልተዘጋጁ ብዙ ብር የወጣበት ሶፍትዌር ባዶ ገጽ ከማሳየት አያልፍም።

የዝግጅቱ መጀመሪያ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚገኝበትን ከተማና ክፍል የሚያስታውቅ ስም ይሰጠው። ብዙ አድራሻ ያለው ጌትዌይ ሁልጊዜ በአንዱ አድራሻ ብቻ እንዲታወቅ ይደረግ፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ አንዱን ጌትዌይ ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመጠያየቂያው ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ኤስ. ኤን. ኤም. ፒ. ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ. ኤ. አ. በ1988 ነው። ሶፍትዌሩ በ161ኛው በር ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ችግር ሲደርስበት ሳይጠየቅ በ162ኛው በር ያስታውቃል። በመካከል ያለው የፋየርዎል ዘበኛ እነዚህን በሮች ለሶፍትዌሩ ብቻ መክፈት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች የይለፍ ቃሉን ሳይሰውሩ በገመዱ ላይ ይልኩታል፤ ብዙ መሣሪያዎችም ከፋብሪካ ሲወጡ ቃሉ ለማንበብ «ፐብሊክ»፣ ለመለወጥ «ፕራይቬት» ሆኖ ቆይቷል። ይህን እንደ ነበረ መተው የመጋዘንን ቁልፍ በመዝጊያው ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። መሣሪያው የሚችል ከሆነ እ. ኤ. አ. በ2002 ሙሉ ደረጃ ያገኘውን፣ መልእክቱን የሚሰውረውን ሦስተኛውን እትም መጠቀም ይሻላል፤ ለሶፍትዌሩም የሚሰጠው ፈቃድ የማንበብ ብቻ ይሁን።

ሰዓት ነገሩን ሁሉ ያበላሻል፤ በአገራችንም ከሌላው አገር ይልቅ። ከድሬዳዋ ጧት በ4 ሰዓት የተደወለው ጥሪ በስልኩ ገጽ ላይ በ10 ሰዓት፣ በግሪንዊች አቆጣጠር በሚጽፈው የጥሪ መዝገብ ደግሞ በ7 ሰዓት ተመዝግቦ ይገኛል። ጸሐፊው በ4 ሰዓት ድምፅ ጠፋ ብሎ ሲያመለክት፣ ባለሙያው 4 ሰዓት የሚለውን በመዝገቡ ቢፈልግ ጧት በ1 ሰዓት የሆነውን ያገኛል። መድኃኒቱ መሣሪያዎቹን ሁሉ በኤን. ቲ. ፒ. ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋራ ማስተካከልና የሦስት ሰዓቱን ልዩነት በሁሉም ላይ በአንድ ዐይነት መወሰን ነው። በቅርንጫፎችም አቤቱታ የሚጻፍበት ደብተር የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን በግልጽ ያመልክት።

የጥሪው መዝገብም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለምሳሌ ሲስኮ በሚሠራው የጥሪ ሰርቨር ላይ ይህ መዝገብና የድምፁን ጥራት የሚገልጸው ማስታወሻ ሰው እስኪከፍታቸው ድረስ ዝግ ናቸው። ከተከፈቱም በኋላ ሰርቨሩ መዝገቡን ወደ ሶፍትዌሩ እንዲልክ መታዘዝ አለበት፤ መላክ የሚችለውም እስከ ሦስት ሥፍራ ድረስ ነው።

ይህ መዝገብ የሚያድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሌቦች በበዓል ዋዜማ ወይም በሌሊት በደካማ ይለፍ ቃል ወደ ማዞሪያው ገብተው፣ ታሪፋቸው እጅግ ከፍ ወዳለ የውጭ አገር ቁጥሮች ሲያስደውሉ ያድራሉ። ሒሳቡ የሚመጣው በባለ መስመሩ ስም ነው። መዝገቡ በየጊዜው ለሶፍትዌሩ የሚደርሰው ከሆነ ግን፣ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ወደ ውጭ የሚደረግ ጥሪ ሲበዛ ኀላፊው በሞባይሉ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ማድረግ ይቻላል፤ ወር ጠብቆ በቢል ከማወቅ የተሻለ ነው።

ስለ ድምፁ ጥራት የማስጠንቀቂያው ልክ ምን ይሁን ለሚለው፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አንድ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ ይመክራል። የሚጠፋውም ፓኬት ከመቶ አንድ እንዳያልፍ ማድረግ የተለመደ ነው። በሩቅ ቅርንጫፍ መስመሩ ደካማ ሲሆን ልኩን ጥቂት ላላ ማድረግ ይገባል፤ በየሰዓቱ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ከሳምንት በኋላ የሚያነበው የለምና።

ነጋዴው ለገጣሚው ድርጅት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈረሙ በፊት፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የአንዱን ቅርንጫፍ ጌትዌይ ገመድ ያስነቅል፤ ማስጠንቀቂያውም በስንት ደቂቃ፣ ለማን፣ በየትኛው ሰዓት ተጽፎ እንደ ደረሰ በርክክቡ ሰነድ ላይ ያስመዝግብ።