ትንፋሽ ሲያጥር፦ ፓፍ በሳንባችን ውስጥ ምን ይሠራል?

በወረታና በፎገራ ሜዳ በብዙ ቤቶች እንጀራ የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች «ጥቂት መንገድ ስሄድ ያፍነኛል» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ የዓመታት ጭስ ነው። ጭሱ የአየር ቧንቧዎችን እየጎዳ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያመጣል።

በዚህ በሽታ ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ በአክታ ይሞላሉ፣ ይጠባሉ። ታማሚው አየር ማስገባት ያቃተው ይመስለዋል፤ ትልቁ ችግር ግን ያስገባውን ማስወጣት ነው። የቆየው አየር ሳንባ ውስጥ ሲታጎር ለአዲሱ ቦታ ይጠፋል።

ሳልቡታሞል የተባለው ፓፍ ቧንቧዎቹን የጨመቀውን ጡንቻ ያላላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አያጠፋም። ለእብጠቱ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ ሌላ ፓፍ አለ። እርሱ ወዲያው አያስታግስም፤ በየቀኑ ሲወሰድ ጥቅሙ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ለአስም ታማሚ ዋነኛ መድኃኒት ስለሆነ «ተሽሎኛል» ብሎ መተው ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ሳንባው በጭስ ለተጎዳ ሰው ግን ሁልጊዜ አይታዘዝም፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የፈረሰ የሳንባ ክፍል በመድኃኒት ስለማይመለስ ማድቤቱን ማናፈስና ጭሱን መቀነስም የሕክምናው አካል ነው።

ብዙዎች «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ብለው ይፈሩታል። ሱስ አያስይዝም። ሳልቡታሞል ከቀን ወደ ቀን ደጋግሞ ካስፈለገ ሕመሙ እየባሰ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦ ክዳኑን ከፍተው ዕቃውን በደንብ ይነቅንቁ። ትንፋሽዎን ያስወጡ። አፉን በከንፈርዎ ገጥመው፣ ቀስ ብለው አየር መሳብ እንደጀመሩ አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ መሳብዎን ይቀጥሉ። ከዚያም እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ቤክሎሜታዞን ከሆነ ተጉመጥምጠው ይትፉ። አፍ ውስጥ የቀረ መድኃኒት ለሳንባ አይደርስም።

ረመዷን ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። ፓፍ ጾም አያፈርስም ካሉት መካከል ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ይገኙበታል፤ ያፈርሳል ያሉ ዑለማዎችም አሉ። የመስጂዳችሁን ኢማም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ ፓፍ በሱሑርና ከኢፍጧር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ግን መግሪብን አትጠብቁ፤ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ አላህ በሱረቱል በቀራ ፈቅዷል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።